ድምፁን ቆረጡት፣ እጄን ረሱት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ፋሲካ አልፎ ሰው ወደ ሥራው በተመለሰበት ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የጓደኛዬን የሠርግ ቀን እንኳ ረስቼ ተቀይማኛለች። ይህኛው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ የስፌት ማሽኔ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል። ሲመጣ አያናድደኝም፣ አያስደነግጠኝም። እንደ እንግዳ አጠገቤ ቁጭ ይላል፤ እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ።

መስማት አልችልም። በሰባት ዓመቴ ማጅራት ገትር ይዞኝ ነው ጆሮዬ የጠፋው። ፊደል ቆጥሬ ስለነበር ማንበብና መጻፍ አልተቸገርኩም፤ የማወራው ግን በእጄ ነው። ባለቤቴ ከውልደቱም አይሰማም። እዚህ ገመቹ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ስሙ ግን አይደለም። እዚህ ያሉትን ስሞች በሙሉ ቀይሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

የምንኖረው ጎሮ ነው፤ ገመቹ፣ እኔ፣ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃችን ሲፈንና የገመቹ እናት። እሳቸውን እማማ ነው የምላቸው። ገመቹ እዚያው ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ እኔ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ነኝ። ሲፈን ትሰማለች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ስለሆነ ቀድሜ ልገላግላችሁ ብዬ ነው።

እማማ የምልክት ቋንቋ አያውቁም። እሳቸውና ልጃቸው የሚግባቡት በጥቂት የቤት ምልክቶች ነው፤ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ መኪና እንዳይገጭህ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲኖር በመሃል ሆና የምታስተረጉመው ሲፈን ናት። አፏን ከፈታች ብዙም ሳትቆይ ነው የጀመረችው። ጎረቤት "እንዴት ያለች ብልህ ልጅ ናት" ይላል፤ እኛም ደስ ይለን ነበር።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ገመቹ ሕፃን ሳለ፣ ወለጋ በነበሩበት መንደር "ርግማን ነው፣ ከሰው ደብቂው" ሲሏቸው እምቢ ብለው፣ ልጃቸውን አዝለው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። ጉልት ተቀምጠው ቸርችረው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስገቡት። ገመቹ በእናቱ አይቀልድም።

ሲፈንን የወለድኩት በቀዶ ጥገና ነው። ምጡ ድንገት ስለመጣ አስተርጓሚ አልነበረም። ገመቹን ከውጭ አስቀሩት፤ ቢገባስ ምን ይፈይድልኝ ነበር? እማማን አስገቧቸው። ሐኪሙ አፉን ሸፍኖ ስለነበር ከንፈሩን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ለእማማ የሆነ ነገር ነገራቸው፣ እሳቸውም መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙና ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። የማይሰማ ሰው ብዙ ነገር ላይ ይነቀንቃል። ገብቶት አይደለም፤ ሰው እንዳይሰለቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ልጅ እምቢ አለን። ገመቹ ተደራራቢ አልጋ ሠርቶ ነበር፤ ላይኛው ላይ ብርድ ልብስ እናስቀምጥበታለን። እሑድ በመጣ ቁጥር ይጸልያል። ሲፈን አራት ዓመት ሲሞላት፣ ለእሱ ሳልነግረው፣ ትዕግስት የምትባለውን የቤተ ክርስቲያናችንን አስተርጓሚ ይዤ ወደ ወለድኩበት ቦታ ተመለስኩ። አንዲት ሐኪም ገብታ አጣርታ መጣች። ያኔ ልጄን ሲያወጡ በዚያው፣ ዳግም እንዳልወልድ፣ የማህፀን ቱቦዬን ቋጥረውታል። "ቤተሰብ አማክረን ነው፤ አንቺም ተስማምተሻል" አለችኝ በትዕግስት በኩል። አዎ፤ ነቅንቄያለሁ።

ለገመቹ አልነገርኩትም። ብነግረው እናት አይኖረውም። ካልተወለደ ልጅና ከእናቱ አንዱን ማጣቱ ካልቀረ፣ ያላየውን ይጣ ብዬ ወሰንኩለት። ሆድ ከሀገር ይሰፋል ይባል የለ፤ ሆዴ ውስጥ ከተትኩት። እማማንም አልጠየቅኳቸው። በማን አፍ ልጠይቃቸው? በሲፈን?

እንዲህ ሆነን ስንኖር፣ ካቻምና አንዲት አጥኚ በምልክት ቋንቋ አምልኮ ወደምናደርግበት ጉባኤ መጣች። መስማት የተሳናቸው ሴቶች ሕክምና ሲሄዱ ምን እንደሚገጥማቸው ነው የምታጠናው። እኛ ጋ አጥኚ ይበዛል። ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ለስላሳ ይጋብዛሉ፣ አይመለሱም። ይቺ ግን ትሑት ልጅ ናት፤ ሐሳቧም ለየት ያለ ነበር። የምንናገረው በቪዲዮ ተቀርጾ፣ ለየትኛውም አጥኚ ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። "አንድ ዓይነት ጥያቄ ስንት ጊዜ ትመልሳላችሁ? አንዴ ከተናገራችሁ ሌላው መጥቶ አያደክማችሁም" አለችን። እውነቷን ነው፤ ደክሞን ነበር። ፊታችን እንደሚደበዝዝ፣ የምንጠራው ስም ሁሉ እንደሚሰረዝ አስረዳችን። እኔም ደጋግሜ ጠይቄ፣ ገብቶኝ ተስማማሁ። ያን ቀን ዝም ብዬ አልነቀነቅኩም።

ኦሎምፒያ ባለው ቢሯቸው አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀመጥን፤ አጥኚዋ፣ ትዕግስትና እኔ። እኔ በእጄ አወራለሁ፣ ትዕግስት በድምፅ ታስተረጉማለች፣ ካሜራው ይቀርጻል። የሄድኩት ስለ ወረፋ ላወራ ነበር፤ ስም ሲጠራ ስለማልሰማ ተራዬ እንደሚያልፈኝ፣ ሐኪሞች መሬት መሬት እያዩ እንደሚያወሩኝ። ከዚያ "ወሊድሽስ እንዴት ነበር?" ስትለኝ እጄ ቀደመኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የእማማን ነገር፣ የገመቹን ጸሎት፣ ለምን እንደደበቅኩት። ለመንገደኛ ሆድ መክፈት ይቀላል። ስወጣ ቀሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ እርስ በርስ የምንጠራራው በምልክት ስም ነው። አንዱ በጠባሳው፣ አንዱ በአሳሳቁ፣ አንዱ በአረማመዱ ስም ይወጣለታል፤ በእጃችን ያንን ስናሳይ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ማን እንደተጠራ ያውቃል። የእኔ ምን እንደሆነ አልገልጽላችሁም። አንዴ ይበቃኛል።

በዚያ የፋሲካ ማግስት ሳምንት፣ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ላይ ዚፕ እየገጠምኩ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አላቆም አለ። ሳነሳው ጓደኛዬ ናት፣ በቪዲዮ።

"አይተሽዋል?" አለችኝ በእጇ።

"ምኑን?"

"ቴሌግራሙን። አንቺ ነሽ እኮ!"

የላከው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ ነው፤ ለክፋት አልነበረም። በራሳችን የምልክት ቋንቋ፣ በነፃ የሚታይ ቪዲዮ ማግኘቱ አስደስቶት የጋራ ግሩፓችን ላይ ለጠፈው። እኔን አያውቀኝም። የሚያውቁኝ ግን ግሩፑ ውስጥ ሞልተዋል። ገመቹም አለበት።

ከፈትኩት። ፊቷ ጉም የለበሰ ሴት ቁጭ ብላ ታወራለች። ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል፤ ስም መኖር ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ቃላቸውን ጠብቀዋል ማለት ነው። አብራኝ የምትሠራዋን ልጅ ጆሮዋን ተበደርኩ። ሰምታ ስልኳ ላይ ጻፈችልኝ፦ "ስም ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጣል።"

ድምፁ የትዕግስት ነው። የትዕግስትን ድምፅ ቆርጠው የእኔን እጅ እንዳለ ትተውታል። ገመቹን ስጠራ እጄ ይታያል። የራሴን ስም ስናገር እጄ ይታያል። ማን የማን እናት እንደሆነች፣ ማን ለሐኪሙ እንደመለሰ፣ ሁሉንም እጄ ይናገራል። ለሚሰማ ሰው ማንነቴ አይታወቅም። ለእኛ ሰው ግን ስሙ ባይኖር እንኳ የእጄ አነጋገር ይበቃዋል፤ እናንተ ሰውን በድምፁ እንደምትለዩት ነው።

የሚገርመው ዚፑን ገጥሜ ጨረስኩ። ክሩን በጠስኩ፣ ቀሚሱን ተኮስኩ፣ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ቦርሳዬን ያነሳሁት።

ከሃያ ሁለት መገናኛ፣ ከመገናኛ ጎሮ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ይሁን ስለ ሌላ የሆነ ነገር አጫወቱኝ፤ ፈገግ አልኩላቸው። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገመቹ ካየው ቤት ገብቶ እናቱን ይጠይቃል። እናቱን የሚጠይቀው ደግሞ በልጃችን አፍ ነው።

ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ሲፈን ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ መሃል ላይ ቆማለች። ገመቹ ከነሥራ ልብሱ፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ፣ ፊቷ ተንበርክኮ ያወራታል።

"አያትሽን ጠይቂያት። አንቺ የተወለድሽ ቀን ለሐኪሙ ምን ብላ ነገረችው?"

ሲፈን ዞረች። የልጄን ከንፈር አሳምሬ አነባለሁ። "አያቴ፣ እኔ ስወለድ ለዶክተሩ ምን አልሽው?" አለች፤ እንደ ማንኛውም ጥያቄ፣ እንደ "እራት ምንድን ነው" ዓይነት። የእማማ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

ገመቹ መልስ አልጠበቀም። "በያት፣ የእናትሽን ሆድ..." ብሎ ሲጀምር ደረስኩና የሲፈንን ዓይን በመዳፌ ሸፈንኩት። እኛ ቤት የልጅ ጆሮ መድፈን እንደዚያ ነው። ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። የዓይኗ ሽፋሽፍት መዳፌ ውስጥ ሲርገበገብ ይሰማኝ ነበር።

"በልጅ አፍ አይሆንም" አልኩት በሌላው እጄ። ገመቹ አየኝ፣ እጁን አወረደ።

ሲፈንን ወደ በሩ መራኋት። "ጎረቤት እነ ቃልኪዳን ቤት ሂጂ።" "ለምን?" "ሂጂ ብያለሁ።" ወጣች፤ በሩን ዘጋሁት።

ሦስት ሆነን ቀረን፤ በመሃላችን ቋንቋ የለም። ገመቹ በጣቱ ወደ ሆዴ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ እናቱ፣ ከዚያ ሁለት ጣቱን እንደ መቀስ አድርጎ ቆረጠ። ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ጠበቀ። እናትና ልጅ ለዚህ ነገር ምልክት አልነበራቸውም፤ ያን ቀን ፈጠሩለት።

እማማ ገባቸው። አልካዱም። ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው ማውራት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አወሩ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ መሰለኝ። ደረታቸውን መቱ፣ ወደ ላይ ጠቆሙ፣ ወደ ገመቹ፣ ወደ እኔ፣ ወደ በሩ። እንባቸው ይወርዳል፣ አፋቸው አያርፍም። ከከንፈራቸው የያዝኩት "ልጄ" የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱም ደጋግመው ስላሉት ነው።

ለምን እንዳደረጉት ሁሉንም የተናገሩ ይመስለኛል። ምናልባት ይቅርታም ጠይቀዋል። ከሁለታችን አንዳችንም አልሰማንም። ገመቹ እስኪጨርሱ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፤ ለብዙ ሳምንት እዚያው ሥራ ቦታው አደረ።

እሑድ አምልኮ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር፤ ግን መቅረትም አልቻልኩም። እኛ ጋ ሹክሹክታ የለም፤ ከአዳራሹ ጥግ የሚታማው ሰው ከሌላው ጥግ ሆኖ ያየዋል። "እሷ ናት"፣ "ያውቅ ነበር?"፣ "ውይ፣ ምስኪን"። ሁሉንም አየሁት። ስንወጣ አንዲት በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ ሴት ኮሪደሩ ላይ ያዙኝና ወደ ግድግዳው አዞሩኝ፤ ሌላ ሰው እንዳያይ። እሳቸውም በሁለት ጣታቸው መቀስ ሠሩ፣ ወደ ራሳቸው ሆድ ጠቆሙ። ተቃቅፈን ቆምን። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ።

አጥኚዋን በሳምንቱ ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ውስጥ አገኘኋት፤ ትዕግስትም መጣች። ቪዲዮውን ከኢንተርኔት አንስተውታል። ሰዎች ስልካቸው ላይ የጫኑትን ግን መመለስ እንደማይቻል ነገረችኝ።

"ስም እንዳይቀር እየደጋገምን አዳምጠን ነበር" አለች።

ማዳመጥ። ትዕግስት ይህን ስታስተረጉም እጇ ከበዳት። እሷም ብትሆን አላሰበችውም፤ እኔም አላሰብኩትም። አጥኚዋ ማልቀስ ጀመረች፣ ሶፍት አቀበልኳት። አልጠላኋትም። የዋሸችኝ ነገር የለም፤ ቃል የገባችውን ሁሉ አድርጋለች፣ ያደረገችው ግን በጆሮዋ ነው።

"ንግግርሽ በጽሑፍ የተቀመጠውንም ላጥፋው?" አለችኝ።

ጽሑፉ ይጥፋ ብል ማንም አይፈርድብኝም። ግን እኒያ ኮሪደር ላይ ያቀፉኝ ሴት ትዝ አሉኝ። ጽሑፉ ከጠፋ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ነው፤ ነገ ሌላዋ በምጥ ላይ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች።

"ጽሑፉ ይቆይ። እጄ ግን ተመልሶ እንዳይወጣ" አልኳት። ትክክል ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም።

ገመቹ ተመልሷል። አንድ ቀን ብቻ "ለምን ደበቅሽኝ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። "የቱን እንደማጣ መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኔም ላይ ሌላ ሰው መርጦብኝ የለ? ለእናቱ ዳቦ ይገዛል፣ መድኃኒታቸውን ያመጣል፣ ፊታቸው ያስቀምጥና ይሄዳል። እነዚያን ጥቂት የቤት ምልክቶች ግን አይጠቀምም። እማማም እሱን ለመጥራት እጃቸውን ያነሱና መልሰው ያወርዱታል።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ክረምት ሲገባ የቃልኪዳንን እናት ሱቅ አገኘኋትና፣ በፋሲካ ማግስት ሳምንት ያን ቀን ልጄን ስላቆየችልኝ ስልኬ ላይ ጽፌ አመሰገንኳት። ግራ ገባት። ስልኩን ተቀብላ ጻፈች፦ "የቱ ቀን? ያን ሳምንት እኮ ቤቱ ዝግ ነበር። ለፋሲካ አገር ቤት ሄደን ገና አልተመለስንም ነበር።"

ቤታችን የቆርቆሮ በር ነው ያለው። ድምፅ ከውስጥ ወደ ውጭ እንደልቡ እንደሚያልፍ የሚሰሙ ሰዎች ነግረውኛል። ሲፈን የሄደችበት ቤት ዝግ ሲሆንባት ተመልሳ ደጃችን ላይ ቆማለች። ልጄ ኦሮምኛም አማርኛም ትሰማለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያቷ አንድ ነገር ሲናገሩ አይቼ "ምን አሉ?" ብዬ ስጠይቃት፣ "ምንም" ትለኛለች። በፊት ሁሉንም ነበር የምትነግረኝ፤ የሬዲዮውን ማስታወቂያ ሳይቀር።

በእማማ መናደድ፣ ለገመቹ ማዘን፣ በአጥኚዋ መፍረድ ብችል ይሻለኝ ነበር። እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም። የሚሰማኝ አንድ ነገር ፍርሃት ነው፤ እሱም የሚመጣው ሲፈንን ዝም ብላ ሳያት ብቻ ነው። እማማ ያን ቀን ምን እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። ገመቹም ማወቅ አለበት፤ ምናልባት እናቱን የሚመልስለት ነገር ይኖርበት ይሆናል። ነገር ግን እንድናውቀው ከተፈለገ፣ ያን ሁሉ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ የምትነግረን የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

እስካሁን አልጠየቅኳትም።